አስራ ሦስተኛዋን ያጠፋ እጅ

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በልብስ ሰፊዋ ሱቅ የኋላ ክፍል ውስጥ ስብሰባው የሚከፈተው በእርግማን ነበር።

«አስራ ሦስተኛዋን ያጠፋ እጅ ይጥፋ!» ይላል የሒሳብ መምህሩ ከወንበሩ ተነስቶ።

«አሜን!» ይላሉ የተቀመጡት።

እትዬ መዝገብም አሜን ትላለች። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ብላለች። እንዲያውም ከሁሉም ድምጿን ከፍ አድርጋ ነው የምትለው፤ ዝቅ ካደረገችው ሰው የሚያውቅባት ይመስላታል። ቀኝ እጇን ግን ጠረጴዛው ሥር ትሸጉጠዋለች። አስራ ሦስተኛዋን ያጠፋው እጅ እሱ ነዋ።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው እብደት ይመስላል። ለሚያውቅ ሰውም ከእብደት እምብዛም አይርቅም። ከሠላሳ ዓመት በፊት ቴሌቪዥን ጣቢያው «ማነው?» የሚባል ተከታታይ ድራማ ያሳይ ነበር። አስራ ሦስት ክፍል ብቻ ነው። አንዲት እናት አለች፤ ልጇ አንድ ቀን «መጣሁ» ብሏት ወጥቶ ቀረ። እናትየዋ በየቀኑ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ትቀዳለች፤ አንዱን ትጠጣለች፣ አንዱን ትተወዋለች። ጎረቤት ይመጣል፣ ዘመድ ይመጣል፣ ያወራሉ፣ ያጽናናሉ፣ ይሄዳሉ። በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ላይ በሩ ይንኳኳል። ኳ ኳ… ኳ። ሁለቱ ቶሎ ቶሎ፣ ሦስተኛው ዘግየት ብሎ፣ ልጁ ያንኳኳ እንደነበረው። እናትየዋ ብድግ ትላለች፣ «ማነው?» ትላለች፣ ጽሑፉ ይወርዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ይኸው ነገር ግን የስንቱን አንጀት በላ።

አስራ ሦስተኛዋና የመጨረሻዋ ክፍል በተላለፈችበት ምሽት ከተማው ውስጥ መብራት ጠፋ። ሰው በጨለማ ተቀምጦ አለቀሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጣቢያው «እንደግመዋለን» አለ። ሳይደግመው ካሴቷ ጠፋች።

ከዚያ ወዲህ እነዚህ ሰዎች አሉ። ሰፈርተኛው «ማነዎቹ» ይላቸዋል። ልብስ ሰፊዋ የእናትየዋን ቀሚስ ሰባት ጊዜ ሰፍታዋለች፤ በሰባተኛው የአንገቱ ቁልፍ ከሌሎቹ እንደሚያንስ ደረሰችበትና ለሳምንት እንቅልፍ አጣች። ፀጉር አስተካካዩ አስራ ሁለቱንም ክፍል ከነሳሉ በቃሉ ይዟል፤ ደንበኛው አገጩ በአረፋ ተሸፍኖ መልስ መስጠት በማይችልበት ሰዓት ይወርድለታል። የሒሳብ መምህሩ ደግሞ የማኅበሩ ጸሐፊ ነው። በየትኛው ክፍል ስንት ብርጭቆ፣ ስንት ወንበር፣ በየትኛው ግድግዳ ላይ ስንት ምስማር እንዳለ በአራት ወፍራም ደብተር መዝግቧል። በአራተኛው ክፍል መጋረጃ ቀለም የተነሳ አንድ አባል ተጣልቶ ወጥቶ እስከዛሬ አልተመለሰም። የማኅበሩ ሰው ሁሉ፣ የትም ይሂድ የት፣ በር ሲያንኳኳ ኳ ኳ… ኳ ነው። ከውስጥ ያለው «ማነው?» ሲል ደግሞ የውጪው ዝም ይላል እንጂ ስሙን አይናገርም። ሕጉ እንዲህ ነው።

እትዬ መዝገብ የጣቢያው የካሴት ክፍል ሠራተኛ ነበረች፤ ቅጽል ስሙም የወጣላት ከዚያው ነው። ያኔ ትእዛዝ መጣ። ለእግር ኳስ ጨዋታ ረጅም ካሴት ያስፈልጋል ተባለ። መደርደሪያው ላይ የነበረችው ረጅም ካሴት አስራ ሦስተኛዋ ብቻ ነበረች። ደንቡ፣ ካሴት ከመጥፋቱ በፊት ሙሉውን አይተሽ ከመለያው ጋር አመሳክሪ ይላል። የምሳ ሰዓት ደርሶ ሆዷ እየጮኸ አየችው። «እንዴት ያለ ደረቅ መጨረሻ ነው» አለች በልቧ። ካሴቷን ማጥፊያ ማሽኑ ላይ አስቀመጠች፣ ተጫነች፣ ማሽኑ እምም አለ፣ አለቀ። ያ ሁሉ ሆኖ ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ ወጣ።

ጡረታ ወጥታ አንድ ክፍል ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ስትቀመጥ ነው ነገሩ መንጫጫት የጀመረባት። ድራማውን ዛሬም የሚወዱ ሰዎች እንዳሉ ሰማች። አንድ ቅዳሜ ልትናዘዝ ተነስታ ሄደች። እውነቴን ነው፣ የሄደችው ልትናዘዝ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ያንን እርግማን ሰማች፣ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። አስገቧት፣ ውሃ ሰጧት፣ ምን ትሠሪ ነበር አሏት። የካሴት ክፍል ስትል መምህሩ አዲስ ገጽ ገለጠ።

ያኔ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ወደ እሷ ዞሩ። ወንድ ልጃቸው ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ «መጣሁ» ብሎ ወጥቶ ቀርቶባቸዋል። እንደ ድራማው አይደለም፣ በእውነት። ፖሊስም፣ ሆስፒታልም፣ የሬሳ ክፍልም ተጠይቆ ምንም አልተገኘም። ወደ ማኅበሩ ያመጣቸውም ይኸው ነበር።

«እዚያ ከሠራሽ አይተሻታል ማለት ነው» አሉ። «በሞቴ፣ ልጁ መጣ?»

እትዬ መዝገብ ፊታቸውን አየች። «መጣ» አለች።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። እንዴት መጣ? ምን ለብሶ? ምን አላት? ምን አለችው? እሷም እየጠየቋት መለሰች። ልጁ ገባ፣ እናትየዋ አላቀፈችውም፣ አላለቀሰችም። ሁለተኛውን ብርጭቆ በእጇ ዳሰሰችና «ቀዘቀዘብህ እኮ» አለችው። ከዚያ ሻዩን መልሳ አሞቀችለት። እዚያ ያለ ሰው ሁሉ አለቀሰ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጭ የሚይዝ ሰው አይመስልም ነበር፣ እንደ ሕፃን ነው የተንሰቀሰቀው። መምህሩ እያለቀሰ ጻፈ፣ እሷም ፈረመች። በሳምንቱ ልብስ ሰፊዋ «ቀዘቀዘብህ እኮ» የሚለውን በክር ጠልፋ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ከዚያ በኋላ አንድ አባል ሲያረፍድ ሁሉም በአንድ አፍ «ቀዘቀዘብህ እኮ!» ይሉታል። ከድራማው ቃል ሁሉ አብልጠው የሚወዱት እሱን ነው፤ በድራማው ውስጥ የሌለውም እሱ ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ በራቸውን ቆልፈው አያውቁም። እማማ ደጃፍ የተባሉትም ለዚሁ ነው።

ከሁለት ዓመት ወዲህ የእትዬ መዝገብ የቀኝ እጅ ጣቶች ይደነዝዛሉ። ሐኪሙ የነርቭ ነው፣ እድሜ ነው ብሎ ቫይታሚን አዘዘላት። እሷ ግን ከየት እንደመጣ ታውቀዋለች። በየሳምንቱ ይህን ያህል እርግማን የወረደበት እጅ እስከዛሬ መንቀሳቀሱም ተአምር ነው።

አንድ ሐሙስ የእማማ ደጃፍ ሴት ልጅ ቤቷ ድረስ መጣች። ነርስ ናት፤ ከሥራ እንደወጣች ነጭ ልብሷን በከረጢት ይዛ ነበር። ወንበር ሲቀርብላት እንኳን በጫፉ ነው የተቀመጠችው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነው የመጣሁት» አለች። «የእማዬን ቤት አይተውታል? የጓዳው ግድግዳ ተሰንጥቋል። ባለፈው ዝናብ ጣሪያው ተደርምሶ አልጋቸው አጠገብ ነው የወደቀው። ሌባ ሁለት ጊዜ ገብቶ ሬዲዮና ብርድ ልብስ ወስዷል። እኔ ቤት ክፍል አዘጋጅቼላቸዋለሁ። እንሂድ ስላቸው ምን እንደሚሉኝ ያውቃሉ?»

«ምን ይላሉ?»

«‹እትዬ መዝገብ በዓይኗ አይታለች፤ ልጁ የመጣው እናትየዋ ከቤቷ ስላልወጣች ነው› ይሉኛል።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ወንድሜን እኔም እወደዋለሁ። ግን ክረምቱ እየመጣ ነው፣ ያ ግድግዳ ይህን ክረምት አያልፍም። እባክዎት፣ ከእርስዎ በቀር የሚሰሙት ሰው የለም። የሆነ ነገር ይበሏቸው።»

እትዬ መዝገብ እሺ አለች። እሺ ማለት ምን ያቅታል?

በማግስቱ እማማ ደጃፍ ቤት ሄደች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ቁልፉ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ዝጓል። የፊተኛው ክፍል ደህና ነው፤ የጓዳው ስንጥቅ ግን እጅ ያስገባል፤ በውስጡ የጎረቤት ግቢ ይታያል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ነበር፤ አንዱ ባዶ፣ አንዱ ሙሉ። ሻዩ ላይ ስስ ቆዳ ሠርቷል።

«እትዬ» አለች እትዬ መዝገብ፣ «የዚያ የድራማው ነገር…»

«እ?» አሉ እማማ ደጃፍ፣ ፊታቸው ቦግ ብሎ። «የረሳሽው ነገር ትዝ አለሽ እንዴ? ሲገባ ምን አላት?»

«ምንም አላላት» አለች፣ ሻይዋን ጨርሳ ወጣች። መንገድ ላይ ራሷን ሰደበች። ሆድ ይፍጀው ብላ የኖረችው ነገር እሷን ፈጅቶ ሲጨርስ ወደ ሰው ቤት ግድግዳ መሻገሩ ነው። አሮጊቷ ላይ ያ ቤት ቢወድቅ የገደለቻቸው እሷ ናት። እውነቱን ብትናገር ደግሞ ያለ ተስፋም፣ ያለ ወዳጅም የሚቀሩ ሁለት አሮጊቶችን ነው የምታተርፈው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ቅዳሜ ፀጉር አስተካካዩ አርፍዶ መጣ። «ቀዘቀዘብህ እኮ!» ብለው ሲጮሁበት እንኳን አልሳቀም። ደረቱ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አቅፏል።

«ቁጭ በሉ» አለ። «ሁላችሁም ቁጭ በሉ። አጎቴ ሆቴል እንደነበረው ነግሬያችኋለሁ። ያን ጊዜ ጄኔሬተር ነበረው፤ መብራት በጠፋበት ምሽት ከቴሌቪዥን ቀድቶት ኖሯል። ባለፈው ሳምንት ዕቃ ቤቱን ስናጸዳ…» ጋዜጣውን ፈታው። የቪዲዮ ካሴት ነበር። ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ «ማነው? የመጨረሻ» ተብሎ ተጽፎበታል።

የልብስ ሰፊዋ መቀስ ከእጇ ወደቀ። መምህሩ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። እማማ ደጃፍ ሁለት እጃቸውን አገናኝተው አፋቸው ላይ አደረጉ። እትዬ መዝገብ ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ሥር ሸጎጠች።

ማጫወቻው ከመሳቢያ ወጣ። መጋረጃው ተዘጋ። ቴሌቪዥኑ መጀመሪያ በረዶ ብቻ አሳየ፤ ከዚያ ያ የሚያውቁት ክፍል፣ ያ የሚያውቁት ጠረጴዛ፣ ያቺ የሚያውቋት እናት ብቅ አለች። ልብስ ሰፊዋ በደስታ ሲቃ ያዛት። ግማሽ ሰዓት ተመለከቱ።

በሩ ተንኳኳ። ኳ ኳ… ኳ።

እናትየዋ ተነሳች፣ በሩ ጋ ደረሰች፣ መዳፏን በሩ ላይ አሳረፈች። «ማነው?» አለች። መልስ የለም። ጠበቀች፤ ካሜራው ጀርባዋን ብቻ እያሳየ ረጅም ጊዜ ጠበቀች። ከዚያ ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አወረደችና ቆለፈች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ተመልሳ መጣች። ሁለተኛውን ብርጭቆ ደፋችው፣ አጠበችው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባችው። ተቀምጣ የራሷን ሻይ ጠጣች። መብራቱን አጠፋች። ጽሑፉ ወረደ።

ማጫወቻው ካሴቱን ማሽከርከሩን ቀጠለ። ማንም ሊያጠፋው አልተነሳም።

«የውሸት ነው» አለ የሒሳብ መምህሩ።

ሁሉም ዞሩ።

«ፎርጅድ ነው። እስኪ አስተውሉ፣ ምስማሩ በበሩ ግራ ነው ያለው። ከአምስተኛው ክፍል ጀምሮ በቀኝ ነው!» ደብተሩን አገላብጦ ገጹን በጣቱ መታ። «የተሠራ ነገር ነው። የሆነ ሰው ኋላ ላይ ሊያሾፍብን ሠርቶታል።»

«ተዋናይዋስ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ደከም ባለ ድምፅ።

«የምትመስላት ትሆናለች። ጀርባዋን አይደል ያየነው?»

«ቀሚሱም ልክ አልመጣልኝም» አለች ልብስ ሰፊዋ። የመጣላት ይመስለኛል፤ ግን እንዲህ አለች። «ደግሞስ ‹ቀዘቀዘብህ እኮ› የቱ ጋ አለ? ያለ ‹ቀዘቀዘብህ እኮ› የምን አስራ ሦስተኛ?»

«እውነት ነው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከሸክም እንደተገላገለ ሰው። «ያጎቴ ልጆች ቀልደውብኛል ማለት ነው።»

እትዬ መዝገብ ተነሳች። ወንበሩን ስትገፋው ወደኋላ ወደቀ።

«ካሴቱ እውነተኛ ነው» አለች። «አውቀዋለሁ። አይቼዋለሁ። አይቼ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ አወጣችው። «በዚህ እጅ። ልጁ አልመጣም። መጣ ያልኳችሁ ዋሽቼ ነው። ‹ቀዘቀዘብህ እኮ›ም የኔ ነው፣ እዚሁ ተቀምጬ የፈጠርኩት ነው።»

እስኪሰድቧት ጠበቀች። ቢሰድቧት፣ ቢያባርሯት፣ ያ መምህር ደብተሩን ቢወረውርባት ምን ያህል በቀለላት ነበር። ፊታቸውን ስታይ ግን ያየችው ቁጣ አልነበረም፣ ሐዘኔታ ነበር።

«ውሃ ስጧት» አለች ልብስ ሰፊዋ በሹክሹክታ። «ደንግጣ እኮ ነው፣ ምስኪን።»

«በዚህ እድሜ ማስታወስ ያስቸግራል» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «እናቴም እንዲህ ነው የጀመራት።»

«እትዬ፣ አይጨነቁ» አለ መምህሩ፣ ትከሻዋን ይዞ እያስቀመጣት። «ይኸው፣ ገጽ አርባ ሦስት። ያኔ ትዝታዎ ትኩስ በነበረበት ጊዜ የሰጡት ቃል ነው፣ ፊርማዎም ያውና። እኛ የምናምነው ይህን ነው። እርስዎን ከራስዎ እንጠብቅዎታለን።»

እንዲህ ያለ ነገር የሚደርስበት ሰው ይኖራል? አስራ አንድ ዓመት የዋሸችው ሁሉ ታመነላት፤ አንድ ቀን እውነት ብትናገር ውሃ ቀረበላት። ከዓይኗ እንባ ዱብ ዱብ አለ፤ እነሱም አባበሏት።

እማማ ደጃፍ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«ደክሞኛል» አሉ። «አንቺ፣ ሸኚኝ።»

መንገዱ አጭር ነው፤ እሳቸው ግን ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት። ዳቦ ቤቱን አለፉ። ወርክሾፑን አለፉ። እትዬ መዝገብ ይቅር ይበሉኝ ልትል አፏን በከፈተች ቁጥር እማማ ደጃፍ ክንዷን ጫን ያደርጉታል፣ ዝም በይ እንደማለት። ቤቱ ጋ ሲደርሱ ብቻ ቆም አሉ።

«ስንት ጊዜ ነው ያዞረችው?» አሉ።

«ምኑን?»

«ቁልፉን።»

«ሁለት ጊዜ።»

«እኔም ሁለት መስሎኛል።» ገቡ። ገርበብ ያለውን በር ከኋላቸው ገጠሙት። ከምስማሩ ላይ ቁልፉን አውርደው አቧራውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ቀዳዳው ውስጥ ሲከቱት አልዞርም አለ። የምግብ ዘይት አመጡ፣ በላባ ነክረው ቀዳዳውን አጠጡት፣ ትንሽ ጠበቁ።

«አንቺ አዙሪው» አሉ።

«እኔ? እትዬ፣ እጄ ይደነዝዘኛል፣ አቅም…»

«በሌሊት ስተኛ እቆልፈው ነበር እኮ፣ አንቺ ከመምጣትሽ በፊት። ተስፋዬን ቆርጬ ጨርሼ ነበር። ከባድ ነበር፣ ግን ቆርጬ ነበር።» ድምፃቸው አልተለወጠም። «ባንቺ አፍ የተከፈተ በር ነው። ባንቺ እጅ ይዘጋ።»

እትዬ መዝገብ ቁልፉን ያዘች። ጣቶቿ አልተሰሟትም፤ የሰው እጅ ሲያዞር እንደምታይ ነበር የምታየው። መቆለፊያው ጮኸ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። እማማ ደጃፍ ጆሯቸውን ወደ በሩ አዘንብለው ሰሙ። ከዚያ ሁለተኛውን ብርጭቆ አነሱ፣ ደፉት፣ አጠቡት፣ የሚያስገቡበት ቁም ሣጥን ስላልነበራቸው ከአልጋው ሥር ካለው ሻንጣ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልለው አስገቡት። ተቀመጡ። ያኔ ነው ያለቀሱት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የአስራ አራት ዓመቱን ሁሉ አወጡት። እትዬ መዝገብ እግራቸው ሥር ተቀምጣ አብራቸው አለቀሰች፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀችም። ለመጠየቅ እንኳን የሚበቃ ፊት አልነበራትም።

እሑድ ልጅየዋ መኪና ይዛ መጣች። ዕቃው ብዙ አልነበረም፤ ጠረጴዛው፣ በርጩማውና የግድግዳ ሰዓቱ እዚያው ቀሩ። ልጅየዋ የእትዬ መዝገብን እጅ ይዛ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዴት ብለው አሳመኗቸው?» አለቻት። ራሷን ነቀነቀች።

እማማ ደጃፍ መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ በመስኮቱ ጠሯት። ቁልፉን አወጡና መዳፏ ላይ አስቀመጡት።

«ቤቱ የሚፈርሰው ክረምቱ ሲወጣ ነው ብለውኛል» አሉ። «እስከዚያ ድረስ ከሰዓት ከሰዓት ብቅ በይልኝ። ጎረቤቱ ሁሉ አዲስ ነው፣ ልጄን አያውቁትም። ድንገት ቢመጣ፣ እናትህ እዚህ ቦታ ሄዳለች የሚለው ሰው ይኑር።»

«እትዬ…»

«እኔ ቆልፌያለሁ፣ ጨርሻለሁ። መጣ ብለሽ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። የምትቀበይውም አንቺ ነሽ።» መስኮቱን ዘጉት።

እርግማን ይሁን አደራ አልገባትም። አደራ ነው ብላ ያዘችው። በየቀኑ ከሰዓት ትመጣለች፣ በሩን ትከፍታለች፣ በሩ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ሹራብ ይዛ መጣች። በሦስተኛው ቀን ቡታጋዝና ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። በአምስተኛው ቀን ብርጭቆ። አንድ ነው ያመጣሁት ብላ ነበር፤ ከቦርሳዋ ስታወጣ ግን ሁለት ሆነው አገኘቻቸው።

ቅዳሜ ወደ ማኅበሩ አልሄደችም። በአስራ አንድ ዓመት ስትቀር የመጀመሪያዋ ነው። ዝናብ ስለጀመረ በሩን ገጥማ ተቀምጣለች። ከጓዳው ስንጥቅ ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማታል። የግድግዳ ሰዓቱን አየች፤ ዘጠኝ ከአስር። አሁን ሁሉም በልብስ ሰፊዋ የኋላ ክፍል ውስጥ ናቸው፣ አሜን ብለው ቁጭ ብለዋል።

በሩ ተንኳኳ።

ኳ ኳ… ኳ።

በጆሮዋ ይሁን በበሩ እስከዛሬ አታውቀውም። በዚያ አኳኋን የሚያንኳኳ ሰው ሁሉ የት እንዳለ ግን ታውቃለች፤ ከአንዱ፣ «መጣሁ» ብሎ ከቀረው ልጅ በቀር። ተነሳች። በሩ ጋ ደረሰች፣ መዳፏን እንጨቱ ላይ አሳረፈች። ሁለት ዓመት ደንዝዞ የነበረው እጅ የእንጨቱ ቅዝቃዜ ተሰማው።

«ማነው?» አለች።

መልስ የለም።

ቁልፉ በሩ ላይ ነበር። ምን ማድረግ እንዳለባት ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም፤ አይታዋለች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ያን ቀን ሆዷ እየጮኸ ደረቅ መጨረሻ ያለችው ነገር ምን እንደነበረ አሁን ገባት። ያቺ እናት ቁልፉን ለማዞር የሚያስፈልገውን ጉልበት ከየት እንዳመጣችው ሊገባት አልቻለም። እማማ ደጃፍ ከየት እንዳመጡትም አልገባትም። እሷ የላትም። ለሌላ ሰው ልጅ፣ ስሙን እንኳን ጠይቃ ለማታውቀው ልጅ፣ ልቧ እንደ እናት ልብ ይመታል፤ የሌላት ነገር ጠፍቶባታል።

በሩን ከፈተችው። ማንም አልነበረም። መንገዱ ባዶ ነው፣ ዝናቡ ብቻ አለ። ወዲያና ወዲህ አየች። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋ ትታው ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች፣ ሁለተኛውን ብርጭቆ በእጇ ዳሰሰች።

ሻዩ ቀዝቅዟል። ቡታጋዙን ለኩሳ መልሳ አሞቀችው።